በመከራ ዘመን ሳቅን ስለሚመጸውቱ ሰዎች

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሳለ የማቴዎስን ወንጌል ለሕዝቡ በተረጐመበት በስድስተኛው ድርሳኑ፣ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ዕንባውን እንዳፈሰሰ፣ ስለ ኢየሩሳሌም ጥፋትም እንዳለቀሰ ወንጌላውያን ሲመሰክሩ፣ ሳቀ ብሎ የጻፈ ግን ከመካከላቸው አንድ ስንኳ እንደሌለ አስተውሎ አስተምሯል። ታላቁ ባስልዮስም ለመነኮሳት በሠራው ሥርዓት፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ሰውነትን እያናወጡ መሳቅ ነፍሱን ለመግዛት ያልቻለ ሰው ምልክት መሆኑን ገልጦ ልጆቹ ከዚህ እንዲጠበቁ አዝዟል። እነዚህ ሁለት አባቶች ለእኛ እንግዶች አይደሉም፤ በስማቸው የሚጠሩትን ቅዳሴያት ካህናቶቻችን በመንበሩ ፊት ቆመው ሲያደርሱ እየሰማን ያደግን ስለ ሆንን ቃላቸውን እንደ ማንኛውም ጸሐፊ አስተያየት በቀላሉ ልናልፈው አይቻለንም። እንግዲህ ክርስቶስ እንደ ሳቀ አልተጻፈም ከተባለ፣ ጠቢቡም በመጽሐፈ መክብብ ሐዘን ከሳቅ እንደሚሻል ከተናገረ፣ ሀገር በረኀብ ወይም በጦርነት በተጨነቀበት፣ ቤትም በሞት በጨለመበት ሰዓት ሰውን ለማሳቅ አንደበቱን የሚከፍት ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምን ዓይነት ሰው ነው? ጊዜውን የማያውቅ ዋዘኛ ነው ወይስ የተራበ እንዳበላ፣ የታረዘ እንዳለበሰ የሚቈጠር መጽዋች?

ጥያቄውን ያነሣሁት የአንደበት ክርክር ለማሳመር አይደለም። በሀገራችን ጨዋታ አዋቂ የሚባለው ሰው በማታ ይወደዳል፣ በማለዳ ይናቃል፤ በግብዣ ላይ ሁሉም በአጠገቡ መቀመጥ ይሻል፣ ለሽምግልና ወይም ለሹመት የሚሆን ሰው ሲፈለግ ግን ስሙን የሚጠራ የለም። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ለረጅም ዘመን በድለናቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ በደሉም የመጣው ገና ከመሠረቱ፣ አባቶች ያወገዙትን ሳቅና አባቶች ያልከለከሉትን ሳቅ ለይቶ ካለማወቅ ይመስለኛል።

አፈወርቅ የተናገረው በማን ፊት እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። አንጾኪያ በዚያን ጊዜ የቲያትር ከተማ ነበረች፤ ሕዝቡ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሰማውን ሰኞ በቲያትር ቤት ይረሳው ነበር፤ በዚያም ዝሙት መጫወቻ፣ የድኻው ውርደትም መዝናኛ ሆኖ ይቀርብለት ነበር። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የቲያትር ተጫዋች ለመጠመቅ ሲመጣ አስቀድሞ ሥራውን እንዲተው ይታዘዝ የነበረውም ስለዚህ ነው፤ በሮማውያን ዘመን በአደባባይ ከሚታየው ጨዋታ አጠገብ ሰው ለአራዊት የሚጣልበት ሌላ ጨዋታ ነበርና፣ የአንዱን ሳቅ ከሌላው ደም ለይቶ ለማየት አስቸጋሪ ነበረ። ይኸው መምህር ግን የዕብራውያንን መልእክት ሲተረጕም፣ ሳቅ በባሕርያችን ውስጥ የተቀመጠው ነፍስ አንዳንድ ጊዜ እንድታርፍበት መሆኑን፣ የተከለከለው ነፍስን እስከ ማላላት ድረስ መፍሰሱ መሆኑን ተናግሯል። ነፍስ እንድታርፍበት የተሰጠ ነገር እንግዲህ ነፍስ እጅግ በደከመችበት ጊዜ ይበልጥ አስፈላጊ ካልሆነ መቼ አስፈላጊ ሊሆን ነው?

የመነኮሳት ሁሉ አባት የሆነው እንጦንስም በዚህ ነገር ላይ የተወልን ትምህርት አለ። አንድ አዳኝ በምድረ በዳ ሲያልፍ ታላቁን አባት ከወንድሞች ጋር ተቀምጦ ሲጫወት አይቶ ተሰናከለ፤ አባ እንጦንስም ይህን ባወቀ ጊዜ ቀስትህን ደግን አለው፤ ደገነ። አብልጠህ ሳበው አለው፤ ሳበ። አሁንም ጨምር ባለው ጊዜ አዳኙ ከልክ በላይ ብስበው ይሰበርብኛል ሲል መለሰ፤ የመነኮሳትም ነገር እንዲሁ ነው፣ ከልካቸው በላይ ብንገትራቸው ፈጥነው ይሰበራሉ ብሎ አስተማረው። አዳኙም ልቡ ተነክቶ፣ ወንድሞችም ጸንተው ተለያዩ። በዚህ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባን ይህን የተናገረው ዓለምን የማያውቅ ወጣት ሳይሆን በጾምና በስግደት ሥጋውን ያደከመ፣ ከአጋንንት ጋር የታገለ ሽማግሌ መሆኑን ነው። የገዳም ተጋድሎ የሚያደክመውን ያህል፣ ሳይመርጠው የመጣበት መከራ ደግሞ ምን ያህል ሰውን እንደሚገትረው የሚመዝን ይመዝን፤ መነኵሴው ቀንበሩን ፈቅዶ ተሸክሟል፣ ረኀብተኛውና ስደተኛው ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ተጭኖባቸዋል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ ሐዘንን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ የሆነና ንስሐን የሚወልድ ነው፣ ሁለተኛው የዓለም ሐዘን ሲሆን ሞትን ይወልዳል። የበረሐ አባቶችም ሰውን ከሚዋጉት ስምንት ክፉ አሳቦች መካከል ትካዜን ቈጥረውታል፤ በዝሙትና በስስት ረድፍ አሰለፉት እንጂ የጻድቅ ሰው ጌጥ ነው አላሉም። ጴጥሮስም ይሁዳም በአንዲት ሌሊት በድለዋል፣ ሁለቱም አዝነዋል፤ የአንዱ ሐዘን ወደ ዕንባና ወደ ምሕረት ሲያደርሰው የሌላው ሐዘን ወደ ገመድ አደረሰው። በሰላም ጊዜ የሰው ፈተና ብዙውን ጊዜ ትዕቢትና ቸልተኝነት ስለሆነ አስለቃሽ ሰባኪ ያስፈልገዋል። በመከራ ጊዜ ግን ሰውን የሚገድለው ተስፋ መቍረጥ ነው፤ ተስፋ የቈረጠም ሰው ምግብ በፊቱ ተቀምጦለት እንኳ እጁን አይዘረጋም፤ ጸሎትም ያቆማል። በዚህ ሰዓት የተዘጋውን ልብ ለጥቂት ጊዜ የሚከፍት ሰው፣ ሊቅ ባይሆንም፣ ሊቃውንት ሊገቡበት ያልቻሉትን ደጅ ከፍቷል።

ይህን ስል ሳቅ ሁሉ ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። በገዢው ግቢና በጎልጎታ የነበረውንም ሳቅ እናውቃለን፤ የእሾህ አክሊል ጎንጕነው፣ ቀይ ልብስ አልብሰው፣ በፊቱ እየተንበረከኩ የተዘባበቱት ወታደሮች ስቀዋል፤ ከመስቀሉ በታች ራሳቸውን እየነቀነቁ ያለፉትም ስቀዋል። መጽሐፈ ምሳሌ ባልንጀራውን አታልሎ ሲያበቃ ስቀልድ ነው የሚለውን ሰው እሳትና ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ያስተካክለዋል። በሌላ ወገን ደግሞ የሣራ ሳቅ አለ፤ በመጀመሪያ በድንኳኑ ውስጥ በጥርጥር የሳቀችው አሮጊት፣ ልጇን በታቀፈች ጊዜ እግዚአብሔር ሳቅ እንዳደረገላት፣ የሰማም ሁሉ ከእርሷ ጋር እንደሚስቅ ተናግራለች። የጎልጎታ ሳቅና የሣራ ሳቅ በድምፃቸው ላይለያዩ ይችሉ ይሆናል፤ የሚለያዩት የሚስቀው ሰው በቆመበት ቦታ ነው። በወደቀው ላይ ቆሞ የሚስቅ አለ፣ ከወደቀው ጋር በመሬት ተቀምጦ የሚስቅ አለ። በመከራ ዘመን የሚያስቅ ሰው ዋጋውም በደሉም የሚለካው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከመከራው ውጭ ሆኖ በመከራው ቢጫወት ከወታደሮቹ አንዱ ነው፣ በመከራው ውስጥ ሆኖ ቢያጫውት ግን ካለው ትንሽ ነገር ከፍሎ የሰጠ ሰው ነው።

ለዚህ ነገር ከሀገራችን ምስክር ብጠራ ከአለቃ ገብረ ሐና የሚቀድምብኝ የለም። አለቃ ገብረ ሐና በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወልደው፣ በጐንደር ተምረው የበአታ አለቃ ለመሆን የበቁ፣ በአቋቋም ትምህርት እጅግ የተራቀቁ ሊቅ ነበሩ፤ በደብረ ታቦር ተስፋፍቶ የኖረውና በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ከእርሳቸው የመነጨ መሆኑን ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ የጣናን ማዕበልና ነፋስ የሚያወዛውዘውን ደንገል እያዩ የመቋሚያውን እንቅስቃሴ አወጡት እየተባለም ይተረካል። ሕዝቡ ግን ከዚህ ሁሉ ሊቅነታቸው አብልጦ ጨዋታቸውን ያዘ። የኖሩበትም ዘመን የጨዋታ ዘመን አልነበረም፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ምኒልክ ሀገሪቱ በጦርነት ላይ ጦርነት ስታስተናግድ፣ በ1880 ዓ.ም. የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የእርሻውን በሬ ሲፈጅ፣ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከታትለው እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ ሲያመጡ የኖረ ትውልድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቈፈር በሬ ለሞተበት ሕዝብ አርአያ ለመሆን የተገደዱበት ዘመን ነበር። የአለቃን ጨዋታ ተቀብሎ ለልጅ ልጆቹ ያስተላለፈው ሕዝብ እንግዲህ ጠግቦ የሚያንጐራጕር ሕዝብ አልነበረም፤ የቀበረና ቀብሮ የተረፈ ነው።

በአለቃ ስም ከሚነገሩት ጨዋታዎች ብዙዎቹ የእርሳቸው ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሕዝቡ የራሱን ቀልድ በእርሳቸው አፍ አስገብቶታል። ይህ ግን ክብራቸውን አይቀንሰውም። ድኻው በሹሙ ላይ የሚያስበውን በራሱ ስም ቢናገር ጅራፍ ይከተለዋል፤ አለቃ እንዲህ አሉ ብሎ ሲናገር ግን የሊቁ ስም ጥላ ይሆነዋል። በነዚህ ጨዋታዎች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ፣ በብዙዎቹ ውስጥ የሚሸነፉት አለቃ ራሳቸው መሆናቸው ነው። አህያ የሚነዱ ሴቶችን በመንገድ አግኝተው እንደምን አደራችሁ የአህያ እናቶች ቢሏቸው፣ ሴቶቹም እግዚአብሔር ይመስገን ልጃችን ብለው መለሱላቸው የሚለውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ቅኔ የማይነጥፍበት ሊቅ፣ መጽሐፍ ካላዩ የገበያ ሴቶች አንዲት ቃል ተቀብሎ ዝም ሲል የምናይበት ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ የተወደደበት ምክንያት፣ ድኻው ቢያንስ በአንዲት ሰዓት ከሊቁ በላይ ቆሞ ራሱን ስለሚያይበት ነው። ሰውን በእውነት የሚያስቅ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ለሌላው ከፍታን የሚሰጥ ነው፤ ይህም ትሕትና ከመነኮሳት ትሕትና ጋር ዝምድና እንዳለው ለማየት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

አለቃ የወጡበትንም ትምህርት ቤት እናስብ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞር፣ የሚቀድመው የቤቱ ባለቤት ሳይሆን ውሻው ነው፤ ማታ ወደ ጎጆው ሲመለስ የለመናት ቍራሽ ደርቃ፣ እግሩ ተነክሶ ይገኛል። በዚያ ጎጆ ውስጥ ግን ከተማሪዎቹ አንዱ የዕለቱን ውርደት ወደ ጨዋታ ለውጦ ሲተርክ፣ ውሻውን እንደ ደጅ አጋፋሪ፣ ራሱንም እንደ ተሸነፈ ደጃዝማች አድርጎ ሲያቀርበው፣ ረኀቡ ባይጠፋም ሌሊቱ ያጥራል። ብዙ ሊቃውንት ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ የፈጸሙት በመምህሩ ትጋት ብቻ ሳይሆን፣ ስሙ በየትም ባልተጻፈ በአንድ ጨዋታ አዋቂ ተማሪ ምክንያት ጭምር እንደ ሆነ አልጠራጠርም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የእነዚህ ሰዎች ዋጋ የሚገለጠው በለቅሶ ቤት ነው። በሀገራችን ሥርዓት በቀብሩ ቀን የሚፈለግ አልቃሽ አለ፤ ሙሾ አውጪዋ የሟቹን ስምና ሥራ እያነሣች የደረቀውን ዕንባ ታስወጣለች፣ ይህም ትልቅ ጥበብ ነው፣ ያልተለቀሰ ሐዘን በሆድ ውስጥ ይመርዛልና። ከቀብር በኋላ ግን ሌላ ሥራ ይጀመራል። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀርባል፤ ባለ ሐዘኑ በፍራሹ ላይ ተቀምጦ ግን ጕርሻውን አልቀበልም ይላል። የመጣው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውም በቤቱ ላይ ይከብዳል። በዚህን ጊዜ በአንዱ ማዕዘን የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሟቹ የቅርብ ወዳጅ የሆነ፣ ሟቹ በሕይወቱ ሳለ የሠራውን አንድ የሚያስቅ ነገር አንሥቶ መተረክ ይጀምራል፤ ከጎረምሶች ጋር ካርታ ሲጫወት እንዴት እንዳታለላቸው፣ በሠርጉ ቀን በቅሎው እንዴት እንደ ጣለችው ይናገራል። ሰዎች በመጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም ባለ ሐዘኑ ራሱ፣ ዕንባው በጉንጩ ላይ ሳይደርቅ፣ ይስቃል። ከሳቀም በኋላ ጕርሻውን ይቀበላል። ይህን ያየ ሰው ሟቹ ተረሳ ሊል አይችልም፤ ሟቹ በሙሾው ውስጥ ጀግናና ቸር ሆኖ ቀርቦ ነበር፣ በዚህ ተረት ውስጥ ግን ራሱ፣ ከነጠባዩ፣ ወደ ቤቱ ገብቶ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጧል።

የኢዮብ ወዳጆች የሠሩትን ከዚህ ጋር ባስተያይ፣ ሦስቱ ሰዎች በመጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ በዝምታ መቀመጣቸው እጅግ የሚያስመሰግናቸው ነበር፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው መከራው ስለ ኀጢአትህ የመጣ ነው እያሉ የጽድቅን ትምህርት ሊያስተምሩት በተነሡ ጊዜ ነው። እግዚአብሔርም በመጨረሻ የገሠጻቸው እነርሱን ነው። በለቅሶ ቤት የሚያስቀው ሰው ግን ስለ ሞት ምክንያት አንዳች አይናገርም፣ የእግዚአብሔርንም ምሥጢር ተርጓሚ ነኝ አይልም። ስለ አንዲት በቅሎ ይናገራል። በመከራ ጊዜ ከተነገሩ ብዙ ጥበብ የሞላባቸው ስብከቶች ይልቅ ይህ የበቅሎ ተረት ኢዮብን ባጽናናው ነበር ብዬ ብናገር ማንንም ሊቅ ለመድፈር እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። ሥርዓታችን ለአልቃሿ ስምና ቦታ ሰጥቷታል፤ ባለ ሐዘኑን አስቆ እንዲበላ የሚያደርገው ግን ከአልቃሿ ያላነሰ ሥራ ሲሠራ ስም እንኳ አልወጣለትም።

የዚህን ስጦታ ኃይል ወዳጆቹ ቢረሱት ጠላቶቹ አልረሱትም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሹማምንትን በአውሬዎች ምሳሌ እያደረጉ ፋቡላ የተባለውን ተውኔት ባሳዩ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ተቈጥተው፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የቲያትር ጨዋታ እንዲከለከል አድርገዋል። ከዚህም እጅግ የከፋው የመጣው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ያ ጨካኝ ሰው በየመንገዱና በየገበያው እየዞሩ የሚያዜሙና የሚተርኩ ሰዎች፣ ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር፣ የሕዝቡን ልብ ያነሣሣሉ በማለት ተይዘው እንዲገደሉ አዝዟል፤ ማዘዙንም ለሮማ አለቆቹ አስታውቋል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስፈጅቷል። እኛ አዝማሪውን ከደጀ ሰላም አርቀን፣ መነኵሴውን ከመሸታ ቤት አርቀን፣ ሁለቱ የማይገናኙ መስሎን ስንኖር፣ ሕዝብን ተስፋ አስቈርጦ ለመግዛት የመጣ ጠላት ግን ሁለቱን በአንድ የሞት መዝገብ ላይ አገኛቸው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ፈሪውን ሲያሽሟጥጥ፣ ጀግናውን ሲያወድስ፣ ባለ ሥልጣኑንም በሰምና በወርቅ ሲሸነቍጥ የሰማ ሕዝብ፣ ዳግመኛ ቀጥ ብሎ መቆም እንደሚችል ግራዚያኒ ገብቶት ነበር። ለእነዚያ በየገበያው ለወደቁት አዝማሪዎች ስንቶቻችን ጸሎተ ፍትሐት አስደርሰንላቸው ይሆን?

በዚያው የመከራ ዘመን በአውሮፓ ምድር ከሆነው አንድ ምስክር ልጨምር። ቪክቶር ፍራንክል የተባለ የቪየና ሐኪም፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ ተይዞ በናዚዎች የግዞት ሰፈር ያየውን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ሲተርክ፣ ቀልድ ነፍስ ራሷን ለመጠበቅ ከምትታጠቃቸው መሣሪያዎች አንዱ መሆኑን ይመሰክራል። በሥራ ቦታ አብሮት ለነበረ ሌላ ሐኪም፣ ነጻ ከወጡ በኋላ ሊደርስባቸው የሚችል አንድ የሚያስቅ ነገር በየቀኑ እየፈጠሩ እንዲነጋገሩ ሐሳብ አቀረበለት። ከፈጠሩትም አንዱ ይህ ነበር፤ ወደፊት በአንድ የተከበረ ቤት ራት ተጋብዘን ሳለ የግዞቱን ልማድ ረስተን፣ የቤቱን እመቤት እባክሽ ሾርባውን ከድስቱ ሥር ጨልፈሽ አውጪልን ብለን እንለምናታለን ይባባሉ ነበር። ከሥር የሚጨለፍ ሾርባ በዚያ ሰፈር ምን ማለት እንደ ነበረ ለማወቅ፣ ከላይ የሚቀዳው ውሃ ብቻ፣ ጥቂቱ አተር ግን ከሥር የሚገኝ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ልብ ይባል፤ እነዚህ ሰዎች በሞት ጥላ ሥር ሆነው ሲስቁ፣ የሳቁበት ነገር የሚፈጸመው ነጻነት በሚኖርበት ዘመን ነው። ቀልዱን ለማሰብ በመጀመሪያ ከዚህ እንወጣለን ብሎ ማመን ያስፈልግ ነበርና፣ ሳቁ ራሱ የተስፋ ጸሎት ሆኖላቸው ነበር።

የአይሁድ መምህራን በታልሙድ መጽሐፋቸው ያስቀመጡት አንድ ታሪክ ደግሞ ጥያቄዬን በቀጥታ ይመልሰዋል። ረቢ ብሮቃ የተባለ ጻድቅ መምህር በፋርስ ምድር በአንድ ከተማ ገበያ ሲመላለስ ነቢዩ ኤልያስ ይገለጥለት ነበር፤ አንድ ቀንም በዚህ ገበያ ውስጥ የሚመጣውን ዓለም የሚወርስ ሰው አለን ብሎ ቢጠይቀው፣ ኤልያስ በመጀመሪያ ማንም ሰው ጻድቅ ነው የማይለውን አንድ የወህኒ ቤት ጠባቂ አሳየው። ቀጥሎም ሁለት ሰዎች ሲያልፉ አመለከተውና እነዚህም የዚያ ዓለም ልጆች ናቸው አለው። መምህሩ ተከትሏቸው ሄዶ ሥራችሁ ምንድር ነው ቢላቸው፣ እኛ ቀልደኞች ነን፣ ያዘነ ሰው ስናይ እናስቀዋለን፣ ሁለት ሰዎች የተጣሉም ብናይ እስኪታረቁ ድረስ እንደክማለን ሲሉ መለሱለት። ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። በዚያ ገበያ ውስጥ የሚጾሙና የሚጸልዩ፣ ምጽዋትም የሚሰጡ ሌሎች እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም፤ ነቢዩ ግን ከወህኒ ቤት ጠባቂው ቀጥሎ ጣቱን የዘረጋው ወደ ሁለቱ ቀልደኞች ነው። ሁለቱም ሰዎች ስለ ራሳቸው ጽድቅ አንዳች እንዳላወቁ ከመልሳቸው ይታያል፤ መምህሩ ባይጠይቃቸው ኖሮ ሳያውቁት ወደ ሥራቸው በሄዱ ነበር። ማሳቅንና ማስታረቅን በአንድ ትንፋሽ መናገራቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሀገራችን ሽማግሎች ሁለት ባላንጦችን በዛፍ ሥር አስቀምጠው ሲያስታርቁ፣ ነገሩ ከርሮ ሊበጠስ በደረሰበት ሰዓት ከመካከላቸው አንዱ በሚያመጣው ጨዋታ ሁለቱም ሳይወዱ ፈገግ ሲሉ፣ ያን ጊዜ ዕርቁ ግማሽ መንገድ እንደ ሄደ ያውቃሉ።

እነዚህ ሰዎች ግን ለራሳቸው ምን ያገኛሉ? ሰውን የሚያስቅ ሰው ሐዘን እንዳይኖረው የምንጠብቅበት ልማድ አለን፤ ልጁ ሞቶበት ዝም ያለ እንደ ሆነ ምን ነካው ብለን እንገረማለን፤ ወደ ለቅሶው ስንመጣም እንዲያጫውተን የምንሻ እንኳ አለን። ለሌላው የሚሰጠውን ከየት እንደሚያመጣው አንጠይቅም። ብዙውን ጊዜ ግን የሚያመጣው ከራሱ ሐዘን ነው፤ መከራን ያልቀመሰ ሰው በመከራ ውስጥ ያለን ሰው የሚያስቀውን ነገር ሊያውቅ አይችልም፤ ቀምሶ የማያውቀው ሰው በለቅሶ ቤት ሊቀልድ ቢሞክር የሚያሳፍር ነገር ተናግሮ ይወጣል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚገባው የመጀመሪያው ዋጋ ሽልማት ወይም ጭብጨባ ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ ሊያለቅስ በሚፈልግበት ቀን ዝም ብሎ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ማግኘት ነው።

ሌላው ነገር የነፍስ አባቶችን ይመለከታል፤ ይህን የምጽፈውም እነርሱን በማክበር ነው። በዕድሜው መጨረሻ አንድ ጨዋታ አዋቂ ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ፣ አባቴ ዘመኔን በዋዛ ፈዛዛ ፈጀሁት፣ ስበላና ሳስቅ ኖርሁ፣ ለነፍሴ የያዝሁት ስንቅ የለኝም ብሎ ቢያለቅስ፣ ካህኑ ወዲያው ቀኖና ለመስጠት ከመቸኰሉ በፊት በማን ላይ ሳቅህ፣ ከማንስ ጋር ሳቅህ ብሎ እንዲጠይቀው እለምናለሁ። በአካለ ስንኩሉ፣ በድኻው፣ በሰው ሚስት ስም ላይ ስቆ ከሆነ፣ ለዚያ የሚገባውን ይፍረድበት፤ የጎዳውንም ሰው ይቅርታ እንዲጠይቅ ያዘው። ነገር ግን በረኀቡ ዓመት የጎረቤቱን ልጆች በተረት አስተኝቷቸው ከሆነ፣ በለቅሶው ቤት የሰው አፍ አስከፍቶ ጕርሻ አስቀብሎ ከሆነ፣ የተጣሉትን በጨዋታው አስማምቶ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ በሰማይ መዝገብ ከምጽዋት ጋር እንደ ተጻፈለት ይንገረው፤ ሽማግሌው ይህን ከካህን አፍ ካልሰማው ከማንም አይቀበለውም። ቀኖና መስጠት ግድ ከሆነም፣ ከእንግዲህ ወዲህ ዝም በል አይበለው፤ ጕልበቱ እስካለ ድረስ በየሳምንቱ አንድ ቀን ጠያቂ ወደሌላቸው ድውያን ዘንድ ሄዶ በአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ እንዲያጫውታቸው ይዘዘው።